አንበጣው የማን ነው?

በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሰብስቦ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ከአንቀጽ አልነሣም፤ ከአክስቴ ጥያቄ ነው የምነሣው።

በ2012 ዓ.ም. መኸር አንበጣው ይፋት ቆላ የገባ ጊዜ እረፍት ወጥቼ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ማሾው ተለቅሞ ጎተራ ገብቷል፣ እሱ ተረፈ። ማሽላው ፍሬ ይዟል፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። አክስቴ ወፍ የምትጠብቅበት ማማ ላይ ወጥታ ባዶ የዘይት ጀሪካን በዱላ ትደበድባለች። ጎረቤቶቿ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ልጆች ቆርቆሮ ይመታሉ፣ አንድ ባለ ባጃጅ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ክላክሱን ተጭኖ አልለቅም ብሏል። ድምፁን ከሩቅ ለሰማው ደረቅ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን የማኘክ ድምፅ ነው። የማሽላው አገዳ ከላዩ የሰፈረው ከብዶት ጎብጧል። ዶሮዎቹ ከጥጋብ ብዛት መራመድ አቅቷቸው ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል። ያን ቀን በዚያ መንደር የጠገበ እነሱ ብቻ ነበሩ።

አመሻሽ ላይ አክስቴ ከማማዋ ወረደችና ነጠላዋን እያራገፈች፣ «አንተ ልጅ፣ ሕግ ተምረሃል አይደል? ይሄ ነገር ከየት ነው የመጣው?» አለችኝ።

«ከየመን፣ ከሶማሊያ በኩል ነው የሚሉት» አልኳት።

«እኮ! የጎረቤቴ በሬ አጥር ጥሶ እህሌን ቢበላ ባለ በሬው ይከፍለኛል። የዚህስ ባለቤት ማን ነው?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የመጣሁት የዚያን ቀን ዕዳዬን ልከፍል ነው።

አክስቴ ሳታውቀው ሕግ ጠቅሳለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ። በቁጥር 1225 ደግሞ ባለ ንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ ወይም በጩኸት ከመልካም ጉርብትና ባለፈ እንዳያውክ ይከለክላል። ይህን የጉርብትና ነገር ልብ በሉልኝ። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ ሐሳቡን ለይፋት ሰው ማስተማር አያሻም። ኩታ ገጠም መሬት ይዞ ከወሰንተኛው ጋር ያልተሟገተ ገበሬ ካለ እጁን ያውጣ።

የአገርና የአገር የጉርብትና ሕግም የተወለደው ከዚሁ ነው፣ ከጭስ። ካናዳ ውስጥ፣ ለአሜሪካ ድንበር ቅርብ፣ ትሬይል የምትባል ከተማ አለች። የዚንክና የእርሳስ ማቅለጫ ፋብሪካ ተተከለባት። ጭሱ የኮሎምቢያን ወንዝ ሸለቆ ይዞ ቁልቁል ወደ አሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ገበሬዎች ሰብላቸውም ዛፋቸውም ደረቀ። ይክሰሱ እንዳይባል፣ አንዱ አገር ያለው ፍርድ ቤት በሌላው አገር ስላለ መሬት አይዳኝም፤ የእነሱ ፍርድ ቤት ደግሞ ኩባንያውን ጎትቶ ማቅረብ አይችልም። ኩባንያው መሬቱን ገዝቼ ልገላገል እንዳይል የግዛቷ ሕግ ለውጭ ሰው መሬት አያሸጥም። በዚህ መሀል ጭሱ ብቻ ነበር ያለ ፓስፖርት የሚመላለሰው። መጨረሻ ላይ ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1935 ተስማምተው ሦስት ገላጋይ ዳኞች ሰየሙ። ዳኞቹ በ1938 የ78,000 ዶላር ካሳ ወሰኑ፤ በ1941 በሰጡት የመጨረሻ ፍርድ ደግሞ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚሸመድደውን ቃል አኖሩ። ማንም አገር መሬቱን በጭስ ሌላውን አገር ለመጉዳት ሊጠቀምበት፣ ሌላም ሰው ሲጠቀምበት ዝም ብሎ ሊያይ መብት የለውም። ነገር ግን ጉዳቱ ከባድ መሆን አለበት፣ ማስረጃውም የማያሻማ።

በዚህ ሚዛን የአክስቴን መዝገብ እንክፈተው።

ጉዳቱ ከባድ ስለመሆኑ ክርክር የለም። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል፣ በቀን የሚበላውም 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ነው። እኛ አገር በ1950 ዓ.ም. ገደማ የገባው አንበጣ 167,000 ቶን እህል እንደበላ ይነገራል፤ ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ ማለት ነው።

የሚያስቸግረው ባለቤቱን መፈለጉ ነው። ነገሩ የጀመረው በዓረብ ልሳነ ምድር፣ ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው አልባ በረሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በግንቦት መኩኑ፣ በጥቅምት ሉባን የተባሉ ሁለት የባሕር አውሎ ነፋሶች ያን አሸዋ አራሱት። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። ከተመቸው በሦስት ወር ሃያ እጥፍ፣ በስድስት ወር አራት መቶ እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር ስምንት ሺህ እጥፍ ይረባል። ኩብኩባው መሬት ላይ ሲርመሰመስ ያየ ሰው አልነበረም፣ በረሃው መንገድ የለውምና። አንበጣው ክንፍ አውጥቶ የመን ሲገባ የመን ጦርነት ላይ ነበረች። ኩብኩባ የሚያስስ መኪና ቢኖር እንኳ ፈንጂ በተቀበረበት ሜዳ ማን ያሰማራዋል? ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ።

እንግዲህ ማንን እንክሰስ? በረሃው የሚገኝባቸውን ኦማንንና ሳዑዲን እንዳንል ዝናብ መዝነቡ ጥፋት አይደለም። የመንን እንዳንል ሕጉ ከአንድ አገር የሚፈልገው ተገቢ ጥንቃቄ የሚባለውን ነው፤ ትርጉሙም እንደ አቅምህ፣ የምታውቀውን አደጋ ለመከላከል የሚቻልህን አድርግ ነው። ከተማው በቦምብ የሚመታ መንግሥት አንበጣ አልጠበቅህም ተብሎ ሲከሰስ የሚፈርድበት ዳኛ አይታየኝም። በሬ ባለቤት አለው፣ ጭስም ፋብሪካ አለው፤ አንበጣ ግን ባለቤት የለውም።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ እዚህ ላይ «ባለቤት አለው» ይሉኛል። አውሎ ነፋሱን ያበረታው የሞቀ ባሕር ነው፣ ባሕሩን ያሞቀው የሀብታሞቹ አገሮች ጭስ ነው፣ ስለዚህ ትሬይል ተመልሶ መጣ፣ ጭሱ ብቻ ነው የበዛው ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ በሰጠው የምክር አስተያየት አገሮች የአየር ንብረትን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውን መጣስም ኃላፊነት እንደሚያስከትል ተናግሯል። ሆኖም የድርጊቱና የጉዳቱ ሰንሰለት በየጉዳዩ መረጋገጥ አለበት። ከአንድ የጭስ ማውጫ ተነሥቶ በሁለት አውሎ ነፋስና በሦስት ትውልድ አንበጣ በኩል አክስቴ ማሽላ ላይ የሚደርስ ሰንሰለት መቀጠል ለጊዜው ከእኔ አቅም በላይ ነው። ቢሳካስ? ኮስታ ሪካ ረግረግ መሬቴን ቆፍራብኛለች፣ ዛፌንም ቆርጣብኛለች ብላ ኒካራጓን ሄግ ከሰሰች፤ ወደ 6.7 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቃ እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈረደላት 378,890 ዶላር ከ59 ሳንቲም ነው። ሳንቲሟን ሳይቀር መቁጠራቸው ይገርመኛል።

ደግሞ ከሳሽ ልንሆን ስንዘጋጅ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። በዚያው በ2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ መንጋው ከእኛና ከሶማሊያ ተነሥቶ ኬንያ ገባ። ኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አላየሁም አለች። የኬንያው ገበሬ የአክስቴን ጥያቄ ቢጠይቅ ጣቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ ነው የሚያመለክተው። እንደ በሬው ሕግ ቢሆን ኖሮ እኛም ባለ በሬ ነበርን።

ስለዚህ ካሳው ላይ ጊዜ አላጠፋም። ይልቅ ያን መከራ ያየ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። «ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» ሕጉም ጠንከር ብሎ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት አባል አገር ሁሉ በግዛቱ አደገኛ ተባይ ሲነሣ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሁለቱ ሱዳኖች፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ዛሬ አባላቱ ናቸው። አንበጣ በሌለበት ዘመን አውሮፕላን ማቆየት የሀብት ብክነት ይመስላልና አባል አገሮቹ መዋጯቸውን ሳይከፍሉ ዓመታት ማሳለፋቸው ተደጋግሞ ተነግሯል። ዕድር ውስጥ ሰው ካልሞተብኝ አልከፍልም የሚል አባል ቢኖር ምን እንደምትሉት ታውቃላችሁ።

ሌላም ጉባኤ አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚገርመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሥር የተቋቋመው የማዕከላዊ ቀጣና የበረሃ አንበጣ ኮሚሽን ነው። ኢትዮጵያ አባል ናት፣ ሱዳን አባል ናት፣ የመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ኦማንም አባላት ናቸው፣ ግብፅም እንደዚሁ። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ካይሮ ነው። በአባይ ጉዳይ ዓይን ለዓይን መተያየት የሚከብዳቸው አገሮች ስለ አንበጣ አንድ ጠረጴዛ ከበው ካርታ ዘርግተው ወሬ ይለዋወጣሉ። አንበጣው ከየትኛው አገር ተነሣ ብሎ የሚጣላ የለም፤ ነገ ከማን እንደሚነሣ አይታወቅማ። በአባይ ግን የላዩ ሁልጊዜ ላይ ነው፣ የታቹም ሁልጊዜ ታች ነው። ተራ የማይለዋወጥበት ጉርብትና ነው አስቸጋሪው።

ስለ አባይ ብዙ ሰምታችኋል፤ አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1959ኙ ውል ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ውኃውን ሲከፋፈሉ አብዛኛው ውኃ የሚመነጭባትን አገር ጠርተው አላማከሩም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እኛ ግድብ ስንጀምር ትልቁ ክሳቸው «ሳያማክሩን» የሚል ሆነ። ሁለቱም ወገን የሚያለቅሰው በአንድ ነገር ነው።

የማሳወቅ ግዴታ ምን ያህል ጥርስ አለው? ኡራጓይና አርጀንቲና የሚጋሩት ወንዝ ዳር ኡራጓይ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ አስተከለች። እ.ኤ.አ. በ1975 የተፈራረሙት ውል ከሥራው በፊት በጋራ ኮሚሽናቸው በኩል አስታውቁ ይላል፤ ኡራጓይ ሳታስታውቅ ፈቃድ ሰጠች። የማዶዎቹ አርጀንቲናውያን ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘውን ድልድይ ለዓመታት ዘጉት። ጉዳዩ ሄግ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2010 ተፈረደ። ኡራጓይ ባለማስታወቋ ጥፋተኛ ናት፣ ወንዙን ስለመበከሏ ግን በቂ ማስረጃ አልቀረበም፣ ፋብሪካውም ይቀጥላል ተባለ። ቅጣቱ ጥፋተኛ ናት መባሉ ብቻ ሆነ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ «እና ምን ተረፋቸው?» ይላሉ። የተረፋቸውስ አለ። ያው ፍርድ ቤት ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ አስቀድሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግለት ሕግ ያስገድዳል ብሎ የተናገረው በዚሁ ፍርድ ነው። ዛሬ የትም አገር ግድብ ወይም ፋብሪካ ሲታሰብ ጎረቤት ጥናቱን አሳዩኝ የሚለው ይህን ይዞ ነው።

አሁን ወደ ደጃችን ልመለስ፤ ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስካሁን ያወራሁት ወደ እኛ ስለመጣው ነው። ከእኛ ስለሚሄደውስ?

የሮቢ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በከተማችን ያልፍና ቁልቁል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጀውሃም፣ አጣዬም፣ ቦርከናም መድረሻቸው አዋሽ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አፋርን አቋርጦ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል፤ አቤ ደግሞ ከፊል ገላው እኛ ጋ፣ ከፊሉ ጅቡቲ ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ከነጭ መሬት ላይ እንደ ጭስ ማውጫ የተቸነከሩ የኖራ ድንጋዮች፣ ዳር ላይ ቀይ ወፎች። ሐይቁ ከቀድሞው እጅግ ሸሽቷል። ከላይ በቆቃ፣ በአሚባራ፣ በተንዳሆ ለመስኖ የምንጠልፈው ውኃ ለመሸሹ አንዱ ምክንያት ነው። ጅቡቲ በዚህ ጉዳይ እኛን ሄግ ስትከስ አልታየችም። ከመክሰስ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2013 ከእኛ ጋር ተዋዋለች፤ ዛሬ በሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ የተቆፈረ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ይወርድላታል። ውኃ የቸገረው ጎረቤት ካሳ ሲቀበል ከመኖር ውኃ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ባለፈው ሳምንት ሮቢ ዳር ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ስዞር የፀረ ተባይ ብልቃጥ ቆጠርኩ። ውኃ ከሚጠለፍበት ቦይ አጠገብ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ አሥራ አንድ። ክዳን ያለው ሁለቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ የት እንደሚሄዱ እናንተም ታውቃላችሁ። ከታች ከብቱን የሚያጠጣው አፋር እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የምታገኙት፣ ፍየል የሚሸጥላችሁና ማሽላ የምትሸጡለት ሰው ነው። እንደ አገር ድንበር የለንም፣ እንደ ጉርብትና ግን ሁሉም ነገር አለን። በቁጥር 1225 ይክሰሰን ቢባል የትኛው ብልቃጥ የማን ማሳ እንደሆነ በምን ያስረዳል? ብልቃጡም ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ አንበጣው ባለቤት የለውም።

ስለ ማሳወቅ ስናገር አንድ ነገር አስቀርቼ ነበር። ያን ዓመት አክስቴ ቤት ቀድሞ የደወለ ሰው አለ። የአክስቴ ባል፣ አጎቴ፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ የተወዳጀው፣ ከቆላው ወዲያ አፋር ውስጥ የሚኖር ባለ ግመል ነው። መንጋው እሱ ጋ ባደረ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ ደወለና «ነገ ፀሐይ ሲሞቅ እናንተ ጋ ነው» አለ። አጎቴ ጎረቤት ጠርቶ ሌሊቱን በባትሪና በጨረቃ ጤፍ አጨዱ። ገና እርጥብ ነበር፣ ግማሹ እንኳ አልተነሣም፣ ግን የዚያን ዓመት እንጀራ የሆነው እሱ ነው። ማሽላው ሳይነሣ ቀረ።

በኋላ አጎቴ ስልክ ይዞ ሲያመሰግነው እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አመስግኖ ሲያበቃ እንደ ወቀሳ አድርጎ፣ «ምነው ጠዋት ብትደውልልኝ ኖሮ» አለው።

ሰውየው ሳቀ። ከስልኩ ድምፁ ይሰማ ነበር። «ጠዋትማ እያባረርን ነበር» አለ። «ወደ እናንተ ያባረርነው እኮ እኛ ነን።»

አጎቴ ዝም ብሎ ማማውን አየ። አክስቴ ጀሪካኗን ይዛ እዚያው ላይ ነበረች። መንጋው ከማሳዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደሚቀጥለው ቀበሌ እየሄደ ነበር። አጎቴ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ እኔ ዞረና፣ «የእነሱን ሊቀመንበር ስልክ ታውቃለህ?» አለኝ።